በደጋኑ ላይ የቀባሁት ቅቤ

እኔ ቂም የምይዝ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስታነቡ እንዳትታለሉ ብዬ ነው። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ የሚያዩኝ የሰፈር ልጆች «እማማ ጠጄ እኮ የዋህ ናቸው» ይላሉ። ይበሉ። የዋህ የሆንኩት የምጠላቸው ሰዎች ሞተው ስላለቁ ነው።

ያን ጊዜ ግን ሃያ ዓመቴ ነበር፤ የምጠላውም ሰው በሕይወት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ጃንሆይ ነግሠዋል፤ ታች ጋይንት ውስጥ እኛ ባለንበት አገር ደግሞ ግራዝማች በላቸው የሚባል ባላባት ነግሦ ነበር። ለእኛ የሚቀርበን ሁለተኛው ነው። እሱን «አንቱ» የምለው ፊት ለፊቱ ስቆም ብቻ ስለነበር እዚህም ላይ አንቱታውን አልጨምርለትም።

አባቴ ታከለ አዝማሪ ነበር። ከአርብ ገበያ እስከ ስማዳ ድረስ ሠርግም ሆነ ክርስትና ያለ እሱ ማሲንቆ አይደምቅም። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገን እሱ ነው። «ያሳደገን» ያልኩት እኔንና ደምሴን ነው። ደምሴ ወላጆቹን በሕመም ያጣ የዘመድ ልጅ ሲሆን ከእኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል። ማሲንቆ መምታትን አባቴ ጣቱን ይዞ አስተማረው። እኔም «አያ ደምሴ፣ አያ ደምሴ» እያልኩ፣ የፈረሱን ጭራ ሲወጥር እያቀበልኩት አደግሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ግራዝማች በላቸው ልጁን ዳረና አባቴና ደምሴ ሊያጫውቱ ሄዱ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ቤት ቀረሁ። በማግሥቱ አራት ሰዎች አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ጀርባው ከመገረፉ ብዛት ሸሚዙን በልቶታል። ለብ ባለ ውሃ እያራስኩ ጨርቁን ከሥጋው ስለይ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አባቴ አንዴም ድምፅ አላሰማም።

የሰማሁት ይህን ነው። ደምሴ በጠጅ ሞቅታ ግራዝማችን የምትነካ ግጥም ያወርዳል። ግራዝማች ድግሱን ጸጥ ያሰኝና «ይቺን ማን ገጠማት?» ብሎ ይጠይቃል። ደምሴ ዐይኑን ወደ አባቴ ይልካል። አባቴም «እኔ ነኝ» ይላል። አርባ ጅራፍ ታዘዘበት። ከጅራፉ በኋላ ሁለት ነገር ተነገረ፤ ታከለ ሁለተኛ በዚያ አገር ማሲንቆ እንዳይመታ፣ ያቺን ግጥም የደገመም ሁሉ እንደ ታከለ እንዲገረፍ።

በዚያው ሳምንት ደምሴ ጠፋ። ከግድግዳችን ላይ የአባቴ ማሲንቆ አብሮ ጠፋ። የቀረልን አንድ ትርፍ ደጋን ብቻ ነው፤ እሱም ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሰባት ዓመት ጥላሸት ጠጣ።

በእነዚያ ሰባት ዓመታት አባቴ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ኖረ። መንገድ ላይ ሴቶች ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ እኔ ስደርስ ዝም ይሉ ነበር፤ አዝነውልኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን አባቴን «ያስገረፈችህ ግጥም የትኛዋ ናት?» ብለው «የሞተች ናት፣ ተያት» አለኝ። ቀጥሎም «አንቺም ግጥም መግጠሙን ተይ» አለ። እኔ ልጅ ሆኜ በሰውም በከብቱም በዝናቡም ላይ ግጥም የምገጥም ለፍላፊ ነበርኩ። መሮት ነው ብዬ ተውኩ።

እንግዲህ እኔ የምጠላው ደምሴን ነበር። ግራዝማችን አይደለም። ይህ ሳይገርማችሁ አይቀርም። ግራዝማች ለእኔ እንደ በረዶ ነው፤ በረዶ እህል ያወድማል፣ ማንም በረዶን አይከስስም። ከአባቴ መሶብ በልቶ ያደገ ልጅ ግን ሌላ ነው።

በአንድ የጥር አርብ ገበያው መሐል አዋጅ ተነገረ። አዲስ አበባ ካለ ቴአትር ቤት ሰዎች ንፋስ መውጫ ይመጣሉ፤ ማሲንቆ የሚመታ፣ የሚዘፍን፣ እስክስታ የሚወርድ ቀርቦ ይፈተን፤ የተመረጠው የቴአትር ቤቱ ሠራተኛ ሆኖ ይሄዳል ተባለ። ከአጠገቤ ጨርቅ የሚሸጠው ጋሼ እንድሪስ ነበር። ቤቱ ንፋስ መውጫ ቢሆንም በየሳምንቱ አህዮቹን ጭኖ አርብ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ነው፤ ከአባቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው።

«ሂጂ እንጂ ጠጄ፤ ድምፅሽን ለማን ታስቀምጪዋለሽ?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደምሴም ይመጣል አሉ። እስቴ ነው የከረመው» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ድምፄንና በቀሌን።

ድምፄን ያዘጋጀሁት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከቤታችን በታች ማዶው ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ አለ፤ የዘፈኑበትን ይመልሳል። አንድ ስንኝ እለቃለሁ፣ ተመልሶ ሲመጣ እሰማዋለሁ፣ የጎረበጠኝን አስተካክዬ ደግሜ እለቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ማር በሙቅ ውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ከብት ሲያስቸግረኝ እንኳ ጉሮሮዬ እንዳይሻክር በዱላ እንጂ በጩኸት አልመልስም። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሆንኩ።

በቀሌ ደግሞ ቅቤ ነው። ማሲንቆ የማታውቁ እንደሆን ላስረዳችሁ። ደጋኑ ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ሙጫ ይታሻል። ክሩን ይዞ የሚያስጮኸው ሙጫው ነው። ቅባት የነካው እንደሆነ ግን ጭራው ይንሸራተታል፣ ማሲንቆውም ዲዳ ይሆናል። ስለዚህ አባቴ «እጅህን ሳትታጠብ ደጋን እንዳትነካ» የሚል የማይሻር ሕግ ነበረው። ደምሴ ከመምታቱ በፊት ማሲንቆውንና ደጋኑን ጥላ ያለበት ቦታ ሰቅሎ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ይህን ሲያደርግ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። እኔ የፈለግሁት እሱ እጁን የሚታጠብባትን ያህል ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ እርሻ በዋለበት ቀን ትርፉን ደጋን አወረድኩ። ቅል ላይ ጭራ ወጥሬ ሞከርኩት። ባቄላ የምታህል የራስ ቅቤ፣ አደስ ያለበት፣ ትበቃለች። መሐሉን እንጂ እጅ የሚይዘውን ጫፍ መንካት የለብኝም፤ እንዲያ ካልሆነ ሳይመታ ያውቅብኛል። ከሞከርኩ በኋላ አባቴ እንዳያይ ማጽዳት ነበረብኝ። ደቃቅ አመድ ነስንሼ ቅባቱን አስመጠጥኩ፣ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፣ አድርቄ ሙጫ አሸሁትና ሰቀልኩት።

አባቴ ሲመለስ ከደጋኑ ፊት ቆመ። በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ፣ እኔን አየኝ። ምን እንደገባው እንጃ፣ «መንገድ ላይ ራስሽን ጠብቂ» ብቻ አለኝ።

ከጋሼ እንድሪስ አህዮች ኋላ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዤ ንፋስ መውጫ ገባሁ፤ እሱ ቤት አደርኩ። ቅቤውን የያዝኩት ራሴ ላይ ነው። ሴት ልጅ አደስ ያለበት ቅቤ ተቀብታ ብትሄድ ማን ይጠይቃታል? ሚስቱ ዘይነባ «ለፈተና ነው ለሠርግ እንዲህ የተቀባሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ፈተናው በአውራጃው ግቢ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሹም ሲሆን ስም ይጽፋል፣ ይጠይቃል። ሁለተኛው በበቅሎ ተጭና የመጣች ድምፅ የምትይዝ ሣጥን አለችው፤ እሷን እንደ ሕፃን ይጠብቃታል። ማንም ዘፍኖ ሲጨርስ የያዘችውን መልሶ ያሰማና ደኅና መያዟን ያረጋግጣል። ሕዝቡ ገበያውን ትቶ የመጣው ለዘፈኑ ሳይሆን ለሣጥኗ ነው።

ከፊት በወንበር የተቀመጡት የአገሩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መሐላቸው ግራዝማች በላቸው ነበር፤ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ ጥይት መታኝ የሚለው የግንባሩ ጠባሳ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ማዕረጉንም ያገኘው በዚያች ጠባሳ ነው ይባላል። እኔን አላወቀኝም።

ደምሴ ዘግየት ብሎ መጣ። ማሲንቆውን አየሁት፤ የአባቴ ነው። ማዕዘኑ ላይ አባቴ በእጁ የሰፋት ቁራጭ ቆዳ አለችበት። ሌባው ሰባት ዓመት በአባቴ ማሲንቆ በልቷል ማለት ነው። አየኝና «ጠጄ» ብሎ ወደኔ ሲራመድ ፊቴን አዞርኩበት። ቆም ብሎ ተመለሰ፤ ማሲንቆውንና ደጋኑን ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

እጄን በጸጉሬ ውስጥ አሳለፍኩ። በደጋኑ መሐል ሁለት ጊዜ ወዲህና ወዲያ አደረግሁት። ሰዉ ሁሉ ሣጥኗን ያያል፤ ተመልሼ ስቀመጥ ፊቴ ደኅና ነበር።

ስሙ ተጠራ። ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ደጋኑን ሳበ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ፤ አይጥ እንደምትቧጥጠው ያለች ድምፅ ወጣች። ሕዝቡ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ግራዝማች በላቸው ነው። «የጋይንት አዝማሪ ይሄ ነው እንግዲህ?» አለ ለአጠገቡ ሰው፣ ሁሉም እንዲሰማው።

ምን ልበላችሁ፣ ጣፈጠኝ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ ማሩ ውሃ ወረደ። ከግራዝማች ጋር አንድ ላይ እንደምስቅ እንኳ ልብ አላልኩም።

ደምሴ ጭራውን ነካ፣ ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ቀና ብሎ እኔን አየ። አደሱን አሸተተ። አሁን ይናገራል ብዬ ነጠላዬን ጨበጥኩ። እሱ ግን ወደ ሹሙ ዞሮ «ጭራው ተበላሽቶብኛል ጌታዬ» አለ።

«ከምሳ በኋላ አስተካክለህ ቅረብ። ካልሆነልህ ይቀራል» አለው ሹሙ። ቀጥሎ እኔን ጠራኝ።

«ማሲንቆ የሚመታልሽ የታለ?»

«በጭብጨባ ነው የምዘፍን፣ ጌታዬ።»

«በጭብጨባማ አይሆንም። የምንፈልገው ድምፅሽ ከማሲንቆ ጋር ሲሄድ ለመስማት ነው።» ወረቀቱን አገላበጠ። «ሌሎቹ አዝማሪዎች ትናንት ተሰምተው ሄደዋል። ያለው ያ ጭራ የተበላሸበት ሰው ብቻ ነው። አብራችሁ ቅረቡ። እሱ ካልመታ አንቺንም አንሰማሽም።»

የሰው መሳቂያ ላደርገው ብዬ የራሴን ጉሮሮ ዘጋሁ። ገደሉ፣ ማሩ፣ ሁለት ሳምንቱ፣ የአንድ ቀን መንገዱ ሁሉ በዚያች ባቄላ በምታህል ቅቤ ምክንያት ሊቀር ነው። በሰው ፊት ስለነበርኩ እንጂ ራሴን በጥፊ በመታሁት ነበር።

ደምሴን ከግቢው ማድቤት ጀርባ አገኘሁት። ደጋኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«አደስ ያለበት ቅቤ ነው» አለ ቀና ሳይል። «እናትሽም እንዲህ ነበር የምትቀባው።»

«ለአባቴ ጀርባ የገዛሁት ነው። ተርፎኝ ነው።»

ማድቤት ገብቼ አመድ በሰፌድ፣ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አመጣሁ። ደጋኑን ከእጁ ወሰድኩና አመዱን መነስነስ ጀመርኩ።

«የአባቴን ማሲንቆ ሰርቀህ ሄድክ» አልኩት።

«አልሰረቅሁም። ስሄድ ጌታዬ አባትሽ ናቸው ትከሻዬ ላይ ያንጠለጠሉልኝ። እኔ አልመታበትም፣ አንተ አታስቦዝነው አሉኝ።»

«ውሸት ነው።»

«የምሰርቅ ብሆን ያን ደኅና ደጋን ግድግዳ ላይ ትቼው እሄዳለሁ? እሱን ለእኔ ተወው፣ ላየው እፈልጋለሁ አሉኝ።»

እኔም ወደ ዋናው ነገር ሄድኩ። «በዐይንህ አሳይተህ አስገረፍከው።»

«ዐይኔ ወደ እሳቸው ሄዷል፣ አልክድሽም። ግን ያቺን ግጥም እሳቸው የገጠሟት መስሎሻል?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ መች ግጥም አውቃለሁ? የሌላውን ተቀብዬ ከመምታት በቀር ምን ሙያ ነበረኝ? በዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ ስትገጥም የምትውል ማን ነበረች?»

እጄ አመዱ ላይ ቆመ። ደምሴ ግራና ቀኝ ዐየና በሹክሹክታ ነገረኝ።

«የጥይት ነው ይላል የግንባሩን ጠባሳ፣
በቅሎዋ ታውቃለች እርግጫዋን አትረሳ።»

የእኔ ናት። ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ሴቶቹ ግራዝማችን ግንባሩን የመታው ጥይት ሳይሆን በቅሎው ናት፣ ያውም ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው እያሉ ሲሳሳቁ ሰምቼ ነበር። እዚያው ድንጋዩ ላይ ገጠምኳት። ሦስት ቀን ዘፈንኳት፤ ደምሴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከዚያ ትኩሳቱ ያዘኝና ረሳኋት። ልጅ የሰማውንም የተናገረውንም ይረሳል።

«አፌ ላይ ተጣብቃ ነበር» አለ ደምሴ። «ጠጁ አመጣት። ማን ገጠማት ሲል፣ የጠጄ ናት ልበል? እኔ ነኝ እንዳልል ፈራሁ። ዐይኔ ወደ እሳቸው ሄደ። እሳቸው ደግሞ የማን እንደሆነች ያውቁ ነበር። ጥያቄው ሳይደገም እኔ ነኝ አሉ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ማንም እንዳይነግርሽ ሰፈሩን አስምለዋል። አንቺ ስትደርሺ ሰዉ ዝም የሚለው ለምን ይመስልሻል?»

አላለቀስኩም። ማልቀሱ በኋላ፣ በሌላ አገር መጣ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነበር፤ በራሴ ላይ፣ በአባቴ ዝምታ ላይ፣ አጠገቤ በተቀመጠው ፈሪ ላይ። ከግቢው ወዲያ ማዶ ትልልቆቹ ሰዎች ምሳ ይበላሉ፣ የግራዝማች ሳቅ እስከ ማድቤቱ ጀርባ ይሰማል። ያ የጠዋቱ ሳቅ ነው። ሰምቼው በረዶ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው ነው። ጅራፉን ያዘዘ አፍ አለው፣ አሁንም በዚያው አፍ ይበላል። ሰባት ዓመት የተንከራተተው ቂሜ ያን ጊዜ ቤቱን አገኘ።

ጭራውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ሙጫ አሸሁትና ሰጠሁት።

«ዜማዋን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት።

«ጠጄ፣ ተይ።»

«ያኔ ዐይንህ ወደ አባቴ ሄዷል። ዛሬ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ።»

ከምሳ በኋላ ተጠራን። ደምሴ ደጋኑን ሲስብ የአባቴ ማሲንቆ ጮኸ፤ ሰባት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ሁለት ዘፈን ዘፈንኩ፣ ገደሉ እንዳስተማረኝ አድርጌ። ሹሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «መልካም። እስቲ አንድ ጨምሩ፤ የአገራችሁን ጨዋታ፣ የሚያስቅ ነገር» አለ።

ወደ ደምሴ ዞርኩ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ደጋኑ ግን አልተንቀጠቀጠም። ዜማዋን ጀመረልኝ። እኔም ያቺን ስንኝ ወደ ፊት ወንበሮቹ ለቀቅኋት።

የጋይንት ሰው ሁሉ ነጠላውንና ጋቢውን ወደ አፉ አነሣ። ማን እንደተባለ የማያውቁት ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከት ብለው ሳቁ። ሹሙ እርሳሱን አነሣና «ይቺን ማን ገጠማት?» አለ።

ያቺው ጥያቄ ናት። ደምሴ አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ዐይኑ በዚያን ቀን ወደ ማንም አልሄደም፣ መሬት ላይ ነበር። ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የታከለ ልጅ፣ ጠጄ።»

የግራዝማች እጅ ወደ ግንባሩ ሄደ። እዚያው ቀረ። ምን ይበል? ስለ እኔ ነው ቢል የበቅሎዋን ነገር በራሱ አፍ ማመኑ ነው። ዝም ቢልም ሰዉ እያየው ነው። በእንግዶቹ ፊት ጅራፍ አይጠራ። ይህን ሁሉ በፊቱ ላይ እያነበብኩ ሳለሁ ባለ ሣጥኑ ሰውዬ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ።

«ደኅና መያዟን እንስማ» አለ።

ሣጥኗም ደገመችው። የእኔን ድምፅ በእኔ ጉሮሮ ሳይሆን በብረት ጉሮሮ ሰማሁት። የደገመ ሁሉ ይገረፋል የተባለችውን ግጥም ሣጥን ደገመቻት፤ ሣጥን ደግሞ ጀርባ የላትም። ሰዉ ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። አንዲት አሮጊት ከኋላ ሳቀች፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ።

ግራዝማች በላቸው ተነሣ። ኩታውን እስከ ቅንድቡ ሳበና ወደ አሽከሮቹ ዞሮ «በቅሎዬን አምጡ» አለ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳቅ መጻፍ አልችልም።

ሹሙ ለምን እንደተሳቀ በመጨረሻ የነገረው ሰው ሳይኖር አልቀረም፤ ጆሮው ቀልቶ አየሁት። ሆኖም የሁለታችንንም ስም ጻፈና «ወደ ቤታችሁ ባትመለሱ ይሻላል፣ ከእኛ ጋር ውጡ» አለን። ስለዚህ አባቴን ሳልሰናበት ከአገሬ ወጣሁ። ይህ የበቀሌ ዋጋ ነው። ግራዝማች በሕይወት እስካለ ድረስ አርብ ገበያን አላየሁም፣ እሱ ሲሞት ደግሞ አባቴ ቀድሞት ሞቶ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ደምሴ ማሲንቆውን ለጋሼ እንድሪስ ሰጠው። «ለጌታዬ ይመልሱልኝ። ለእኔ እዚያ ይሰጡኛል» አለ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ «አያ ደምሴ፣ ውሃ አቀብለኝ» ስል ራሴን ሰማሁት። እሱም ሰምቷል፤ ውሃውን አቀበለኝ።

ከደምሴ ጋር ብዙ ዓመት በአንድ መድረክ ሠራን። ባልና ሚስት የምንመስላቸው ነበሩ፤ አልነበርንም። ፍርሃቱን ይቅር ብዬዋለሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ያቺን ዐይኑን ግን፣ ወደ አባቴ የሄደችውን፣ እስኪሞት ይቅር አላልኳትም። እሱም ያውቅ ነበር።

ይህን የምታነቡ ሰዎች መጨረሻው ላይ «ቂም ክፉ ነው» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የምላችሁ ሌላ ነው። ቂም የያዛችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ። ሰው የሚጠላው የሚቀርበውን ነው፤ የሩቁ ያስፈራዋል፣ ወይም እንደ እኔ በረዶ ይመስለዋል። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ቂሜን በሚቀርበኝ ሰው ላይ አሳረፍኩና ጅራፉን ያዘዘው ሰው በሰላም በላ፣ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ሲከፋኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን አደረገው ብዬ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ስላደረግሁት ነገር አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። የማፍረው ቅቤውን ያለ ቦታው በመቀባቴ ብቻ ነው።

የቀረውን የነገረኝ ጋሼ እንድሪስ ነው፤ ከብዙ ወር በኋላ ጨርቅ ሊገዛ አዲስ አበባ መጥቶ። ማሲንቆውን ሲሰጠው አባቴ መጀመሪያ ያነሣው ደጋኑን ነው አለኝ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «አሁንም አደስ አደስ ይላል» አለና ሳቀ። በመጀመሪያው አርብ ገበያ ወጣ። ማሲንቆ እንዳይመታ የተባለው ሰው ከእህል ተራው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ያቺን ዜማ መታ። ሁለት የግራዝማች አሽከሮች ከፊቱ ቆመው ነበር፤ አንደኛው ፊቱን አዞረ፣ ሁለተኛው ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ ዜማውን እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገበያው ግን ቃሏን ያውቃት ነበር።